አባ ቀጠሮና ሠላሳ ሰባቱ ሳጥኖች

እኔ ሹፌር ነኝ። የውሃ መሥሪያ ቤቱን ነጭ ፒክአፕ ስነዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት ጋቢናው ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ የኖረ አንድ ሰው አለ። የቅጥር ፋይሉ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ እኛ ግን «አባ ቀጠሮ» ነው የምንለው። ደረት ኪሱ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ደብተር ነበረችው፤ እሷ ላይ ያልሰፈረ ቀን የለም። የመኪናዬ ዘይት የሚቀየርበት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ የሚከተብበት፣ የሥራ አስኪያጁ መነጽር ከመነጽር ቤት የሚወጣበት። አንድ ቀን «ሹፌሬ፣ መንጃ ፈቃድህ ሐሙስ ያበቃል» ሲለኝ፣ ከትራፊክ ፖሊስ ቀድሞ ስለደረሰልኝ አቅፌ ስሜዋለሁ።

የሱ ሥራ ምን እንደሆነ እስኪገባኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤታችን ሠላሳ ሰባት የውሃ ጣቢያዎች አሉት። ከፊሎቹ ጋ ውሃ ከጉድጓድ የሚስብ ፓምፕ አለ፣ ከፊሎቹ ጋ ደግሞ ትልቅ ማጠራቀሚያ። በእያንዳንዱ ጣቢያ ግድግዳ ላይ አንድ ግራጫ ሳጥን ተሰቅሏል። ሳጥኑ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ውሃው ሲቀንስ ፓምፑን ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል። የራሱ ድረ ገጽም አለው፤ ገጹ ያለው ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚያው ሳጥኑ ሆድ ውስጥ ነው። የጣቢያው ጠባቂ ስልኩን አውጥቶ ገጹን ይከፍታል፣ የይለፍ ቃሉን ያስገባል፣ ውሃው የት እንደደረሰ ያያል፣ ሲያስፈልግም ቫልቭ ይዘጋል።

ታዲያ ስልኩ የሚያናግረው እውነተኛውን ሳጥን ይሁን መሐል የገባ አታላይ በምን ያውቃል? ለዚህ ነው ሰርተፍኬት የሚባለው ነገር የመጣው። ሰርተፍኬት ስላችሁ በፍሬም ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እንዳይመስላችሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጥ ፋይል ነው፤ እንደ መታወቂያም ጊዜው ያልፍበታል። ከሌለ ወይም ካለፈበት ስልኩ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። አባ ቀጠሮ ከመቀጠሩ በፊት ቀዩ ማስጠንቀቂያ በየቀኑ ነበር የሚመጣው፤ ሁሉም ሰው «ግድ የለም፣ ቀጥል» የምትለዋን ተጭኖ ያልፋል። እሱ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ።

«ሰው በቀን አሥር ጊዜ ግድ የለም ማለት ከለመደ፣ እውነተኛው ሌባ የመጣ ቀን በምን ያውቀዋል?» አለኝ።

ስለዚህ አንድ ዋና ሰርተፍኬት ሠራ፤ በዚያ እየፈረመም ለሠላሳ ሰባቱ ሳጥኖች የየራሳቸውን ሰጣቸው። የሳጥኖቹ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ዋናው አሥር ዓመት ይቆያል። መፈረሚያው አንዲት ፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ በረጅም የይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ መሥሪያ ቤቱ ካዝና ውስጥ ገባ። ቃሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ማንም ከሩቅ ሆኖ ሰርተፍኬት እንዳይቀይር ደግሞ ያንን መንገድ ዘጋው፤ መቀየር የሚቻለው ጣቢያው ድረስ ሄዶ፣ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ኬብል ሰክቶ ነው። እኔና እሱ በየዓመቱ ሠላሳ ሰባቱንም የምንዞረው ለዚህ ነበር።

ዋናው ሰርተፍኬት አሥር ዓመቱን ሊደፍን ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አባ ቀጠሮ ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ ሦስተኛዋ ቁልፍ ላይ እጁ ቆመ። ስትሮክ ነበር። ዕድሜው ሃምሳ ስድስት። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ቀኝ እግሩ ይጎተት ጀመር፤ ከሁሉ የከፋው ግን ምላሱ ነው። ሐኪሟ ለሚስቱ «ሐሳቡ በቦታው ነው፤ የጠፉበት ቃላቱ ናቸው። ይመለሳሉ፣ ግን በራሳቸው ጊዜ» አለቻት። ከቃላቱ ሁሉ የተረፈችለት አንዲት ብቻ ነበረች፤ «ነገ»። ውሃ ሲጠማው «ነገ»። ትራሱ ሲጎረብጠው «ነገ»። ሆስፒታል ልጠይቀው ስገባ በግራ እጁ አንገቴን ይዞ «ነገ፣ ነገ፣ ነገ» አለኝ። መጣህልኝ ማለቱ ነው። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። «እሱ ዝምተኛ ስለሆነ ለሁለታችንም የማወራው እኔ ነኝ» የምትል ሴት ናት። በሁለት ሳምንት ውስጥ እነዚያን ሁሉ «ነገ»ዎች መለየት ጀመረች። «ይኼኛው ‹መስኮቱን ዝጊው› ነው፤ ያኛው ‹ዝም በይ አንቺ ሴትዮ› ነው» ትለናለች። እሱ በግማሽ ከንፈሩ ይስቃል።

ቤቱ ከገባ በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ እኔንና ኢንጂነሯን ጠራን። ኢንጂነሯ ከአባ ቀጠሮ ጋር አራት ዓመት ሠርታለች፤ ቢሮ ያለውን ሥራ ጠንቅቃ ታውቃለች፣ ጣቢያ ወጥቶ መቀየሩን ግን ለሰው የማይሰጠው ሥራ ስለነበር አላየችውም። «ሄዳችሁ የይለፍ ቃሉን ጠይቁት። ዋናው ሰርተፍኬት ጊዜው ካለፈ ሠላሳ ሰባቱም ጣቢያ ላይ ቀይ ይበራል» አለን። እውነቱን ነው። ግን እግራችን እየከበደን ነው የሄድነው።

ሳሎኑ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ወንበሮቹ ላይ እጅጌያቸው ያልገባላቸው የተማሪ ሸሚዞች ተደራርበዋል። አባ ቀጠሮ ቀኝ ክንዱን ትራስ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። ኢንጂነሯ ፊቱ በርከክ ብላ «ጋሼ፣ የዋናው ቁልፍ…» ስትል ገና ሳትጨርስ ገባው። የያዘችውን ላፕቶፕ እንድትሰጠው በእጁ ጠራት። በግራ እጁ አንድ ፊደል ነካ። ቆየና ሌላ ነካ። አጠፋው። መልሶ ነካ። የሚታየው እርስ በርሱ የማይገጣጠም ፊደል ነበር።

«ነገ» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ነገ»። ከዚያ ጭኑን በቡጢ መትቶ «ነገ!» አለና እንባው በአንድ ዓይኑ ወረደ።

ሚስቱ መጥታ ላፕቶፑን ከደነችው። «ይበቃል ልጄ፤ ይበቃል። እሱ ላይ የሌለውን አትፈልጊበት» አለቻት። ኢንጂነሯ አንገቷን ደፋች። እኔ የምይዘው አጥቼ ሸሚዝ አነሳሁ፤ መርፌ ወጋኝ።

ሻይ ከቀረበ በኋላ ግን ራሷ ሚስቱ አላስቻላትም። የፍላሿ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ እንዳለ ሰምታለችና ኢንጂነሯን ወደ መስኮቱ ሳብ አድርጋ «እስቲ የኔን ስም ሞክሪው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አለቻት። ተሞከረ፤ አልከፈተም። የተጋቡበት ቀን ተሞከረ፤ አልከፈተም። ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠራትን ስም ጆሮዋ ሥር ሹክ አለቻት፤ ምን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም፤ እሱም አልከፈተም።

«ሠላሳ ዓመት ገረድ ሆኜለት አንዲት ስም እንኳ አላዋጣሁም?» አለች፤ ቀልድ ልታስመስለው ብትሞክርም ሆድ ብሷታል።

«እትዬ፣ እንዳይከፋዎት» አለች ኢንጂነሯ። «ጋሼ መጀመሪያ ቀን ያስተማሩኝ ምን መሰለዎት? ‹የምትወጂውን ሰው ስም የይለፍ ቃል አታድርጊ፤ ሌባ ቀድሞ የሚሞክረው እሱን ነው› ብለውኛል።»

ሴትየዋ ዞር ብላ ባሏን አየችው። እሱ ከወንበሩ ሆኖ ቅንድቡን ከፍ አደረገላት። እሷም ሳቋ አመለጣት፤ ዓይኗን በሸሚዝ እጅጌ ጠራረገች።

መኪና ውስጥ ኢንጂነሯ ላፕቶፑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ «ሁለተኛ አልጠይቃቸውም» አለች። «አዲስ ዋና ሰርተፍኬት እሠራለሁ። አሮጌውን እንተወዋለን። ሠላሳ ሰባቱንም ጣቢያ ዞረን በእጅ እንቀይራለን፤ የጠባቂዎቹም ስልኮች አዲሱን እንዲያውቁት እናደርጋለን።»

«ስንት ቀን ቀርቶናል?»

«ሠላሳ ስድስት።»

«እንግዲያማ ሳጥኖቹ በለጡን» አልኳት። እሷ አልሳቀችም። «እሳቸውም አብረውን ይዞራሉ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተው። «መናገር የማይችል ሰው መኪና ላይ ጭናችሁ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ?» አለ። ኢንጂነሯ «እንዲናገሩልኝ አይደለም የምፈልጋቸው፤ ስሳሳት እንዲያዩኝ ነው» አለችው። ሐኪሟ ተጠየቀች፤ ግማሽ ቀን ግማሽ ቀን ከሆነ መውጣቱ ይጠቅመዋል አለች። ሚስቱም «እሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ» ብላ ገና የቁልፍ ቀዳዳ ያልወጣላቸውን ሸሚዞች በከረጢት ይዛ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። እንዲህ ሆነን ጀመርን።

መጀመሪያ የሄድነው የወንዙ ዳር ጣቢያ ነው። ኢንጂነሯ ሳጥኑን ከፈተች፣ ኬብሉን ሰካች፣ አዲሱን ሰርተፍኬት ላከች። ሳጥኑ አልቀበልም አለ። ደገመች። አልቀበልም። ፋይሉን እንደገና ሠራችው፤ አሁንም እምቢ። ላቧ ከግንባሯ ይወርዳል። «የመጀመሪያው ላይ እንዲህ ከሆንን…» አለችና ዋጠችው።

አባ ቀጠሮ በሩ ላይ በተቀመጠለት ወንበር ላይ ነበር። ከዘራውን ተደግፎ ተነሳና ሳጥኑ አጠገብ መጣ። በግራ እጁ ቀኝ አንጓውን፣ ሰዓት የሚታሰርበትን ቦታ፣ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ሳጥኑን እያመለከተ «ነገ» አለ።

«እረፍት ይፈልጋል፤ ወደ ቤት ልሂድ ነው የሚለው» አለች ሚስቱ።

ራሱን ወዘወዘ። አንጓውን መታ። «ነገ!»

ኢንጂነሯ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የሳጥኑን ሰዓት ከፈተች። ሰዓቱ በአንድ ቀን ወደኋላ ቀርቷል። ሰርተፍኬቱ የሚጀምረው ዛሬ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ገና ትናንት ላይ ነው ያለው። ለሱ ሰርተፍኬቱ ነገ የሚጀምር ነው፤ ያልጀመረ ነገር አልቀበልም ማለቱ ነው።

«ነገ!» ብላ ጮኸች። «ጋሼ፣ ነገ ነው! ልክ ነዎት፣ ነገ ነው!»

ከታመመ ጀምሮ ያቺ ቃል በትክክል ቦታዋ ላይ ስትወድቅ ይህ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እሱ ራሱ አፉን ይዞ ቀረ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ሆዱን ይዞ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ሚስቱ ሳቁን ስታይ መቀሷን ጥላ አብራው ሳቀች። የጣቢያው ጠባቂ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ እሱም ሳቀ። ሰዓቱ ተስተካከለ፣ ሰርተፍኬቱ ገባ፣ ስልኩ ላይ ገጹ ያለ ቀይ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በየጣቢያው መጀመሪያ የምናየው ሰዓቱን ሆነ።

ሥራው መልክ ያዘ። ኢንጂነሯ ትከፍታለች፣ እሱ ያያል፤ ልትዘነጋ ስትል ከዘራውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ ይመታል። በሁለተኛው ሳምንት ኬብሉን በግራ እጁ መሰካት ጀመረ። ሚስቱ ደግሞ ሐኪሟ እንዳዘዘቻት በመስኮት የሚታየውን ሁሉ እያሳየች ስሙን ታስጠራዋለች። «ይኼ ምንድን ነው? ዛፍ። በል፣ ዛፍ።» እሱ «ነገ» ይላታል። «ደግሞ ያኛው? ድልድይ።» «ነገ።» አንድ ቀን አንድ የውሃ ቦቴ ሲያልፈን ማንም ሳይጠይቀው «ውሃ» አለ። እኔ ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክሱን ቢያምባርቅም ጆሮ የሰጠው የለም። ሚስቱ ከኋላ ሆና ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ስትስመው ኮፍያው ወደቀ።

ሁሉም ቀን እንዲህ አልነበረም። ሃያ ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ደረጃ ሲወርድ ቀኝ እግሩ ከዳውና ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆነም፤ ግን ሚስቱ ክው አለች። «በቃ! ሳጥናችሁ ገደል ይግባ! እኔ የምፈልገው ባሌን ነው» አለች። ኢንጂነሯ ኬብሉን ጠቅልላ መኪናው ላይ ጫነች። ወደ ቤት አደረስናቸው። ማታ ኢንጂነሯ ስልክ ደውላ «ነገ ብቻችንን እንሄዳለን» አለችኝ።

በማግሥቱ በዚያ በኩል ስናልፍ አባ ቀጠሮ ጫማውን አጥልቆ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ማሰሪያዎቹ ተወላግደዋል፤ ራሱ ነው በአንድ እጁ ያሰራቸው። ሚስቱ ከኋላው ከረጢቷን ይዛ ቆማለች። «ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከማሰሪያ ጋር ሲታገል ነበር፤ ልርዳህ ብለው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። እና ምን ላድርግ?» አለችን። ጋቢናውን ከፈትኩለት።

መጨረሻ ላይ ያስቀረነው የጉብታውን ማጠራቀሚያ ነው። እዚያ የሚጠብቁት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ እማማ ነው የምንላቸው። ከሠላሳ ሰባቱ ጠባቂዎች አንድም ቀን «ግድ የለም፣ ቀጥል» የሚለውን ተጭነው የማያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ጊዜ ቀይ ሲመጣባቸው ሁለት ቀን ሙሉ ገጹን ሳይከፍቱ፣ የውሃውን ልክ በመሰላል እየወጡ በዱላ ሲለኩ አግኝተናቸዋል። አባ ቀጠሮ በየዓመቱ አዲስ ሰርተፍኬት ሲያስገባ አሻራውን ከወረቀት ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር። አሻራ የሚሉት የሰርተፍኬቱ መለያ የሆነ የፊደልና የቁጥር ሰልፍ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ ሰርተፍኬቱ እውነተኛ ነው።

ኢንጂነሯ ቀድማ ወርዳ ነገሩን ስታስረዳቸው እማማ ስልካቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

«እሱ ካልነገረኝ አልቀበልም» አሉ።

«እማማ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ነው የመጣሁት።»

«እሱ ምን ብሎኛል? ‹ከመሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት የሚል ሁሉ ከመሥሪያ ቤት አይደለም› ብሎኛል። አንቺን አልጠላሁሽም ልጄ፤ እሱ የት አለ?»

መታመሙን ሰምተዋል፤ ንግግሩ መያዙን ግን የነገራቸው የለም። አባ ቀጠሮ ከመኪናው ወረደ፤ ከዘራውን፣ የሚጎተተውን እግሩን አዩ። «ምነው ልጄ? ምን አገኘህ?» አሉት። ሊመልስላቸው ሞከረ። «ነገ» አለ። ከዚያ ትንሽ ታግሎ «እማ» አለ።

እማማ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። እኔ ወደ ማጠራቀሚያው ዞሬ ቧንቧ እንደሚመረምር ሰው ሆንኩ።

ከዚያ እጃቸውን አነሱና ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። «ቢሆንም አሻራው ይነበብ» አሉ።

አባ ቀጠሮ ፊት ላይ የታየውን ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁበትም። ወረቀቱን ከኢንጂነሯ ተቀብሎ የድንጋዩ መደብ ላይ ተቀመጠ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቡ ተቀመጡ። «ድሮ አንተ ታነባለህ፣ እኔ አያለሁ። ዛሬ እኔ ላንብብ፤ አንተ እይ» አሉት። ከስልኩ ላይ ሁለት ሁለት እያደረጉ አነበቡ፤ እሱ በግራ ጣቱ ወረቀቱ ላይ እየተከተለ ራሱን ይነቀንቃል። መሐል ላይ ደርሰው «ሦስት» ሲሉ ጣቱ ቆመ። ራሱን ወዘወዘ። እማማ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት።

«ስምንት ነው» አሉ። «ያጠፋው ዓይኔ ነው፤ ሰርተፍኬቱ አይደለም።»

ጣቱ እንደገና መሄድ ጀመረ። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ እሱ ቀና ብሎ «እሺ» አለ። ያቺን ቃል ከየት እንዳመጣት ማንም አያውቅም። እማማ «እሺ ካልክማ እሺ» ብለው ስልካቸው ላይ «ተቀበል» የምትለዋን ተጫኑ።

አሮጌው ዋና ሰርተፍኬት ጊዜው ሊያልፍ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ቀኑ የደረሰ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ጥፍሩን ሲበላ ዋለ። የደወለ የለም። ሠላሳ ሰባቱም ገጾች እንደወትሯቸው ተከፈቱ፤ ሰው ውሃውን ቀዳ፣ አጠበ፣ ታጠበ። አዲሱን የይለፍ ቃል ኢንጂነሯ በሁለት ፖስታ አሽጋ ሁለት ቦታ አስቀምጣዋለች። አሮጌው ለአባ ቀጠሮ አልተመለሰለትም፤ የሚጠይቀውም የለም።

አሁን በሳምንት ሁለት ጠዋት ቢሮ ይመጣል። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጥቶታል፤ ተበላሽተው የመጡ ሳጥኖችን በግራ እጁ ይፈታል፣ ይገጥማል። ቃላቱ አንድ አንድ እያሉ እየመጡ ነው፤ አንዳንዱ መጥቶ ይሄዳል። ኢንጂነሯን በስሟ ሊጠራት ሲፈልግ እስካሁን «ልጄ» ነው የሚወጣው፤ እሷ አላረመችውም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ቤት ስመልሰው መንገድ ላይ በድንገት «ቁም» አለኝ። አመመው ብዬ ደነገጥኩ። በሩን ከፍቶ ወረደና ከዘራውን እየተመረኮዘ ብርቱካን የደረደረች አንዲት ነጋዴ ጋ ሄደ። እሷ ፌስታል አውጥታ ጠበቀችው። እሱ ብርቱካኑን አንድ በአንድ እያነሳ፣ ጫን ጫን እያደረገ፣ የላላውን መልሶ ያስቀምጣል። ከኋላው ሰው ተሰለፈ። ነጋዴዋ «አባቴ፣ ሁሉም ጥሩ ነው» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ሲታገል ከመኪናው ሆኜ ይታየኛል፤ አገጩ ይሠራል፣ ቃሉ ግን አይወጣም። ወርጄ ልናገርለት በሩን ከፈትኩ።

«ለሷ ነው» አለ።

ለሚስቱ መሆኑ ገባኝና በሩን መልሼ ዘጋሁት። ነጋዴዋም ዝቅ ብላ ከብርቱካኑ ሳጥን ሥር ያስቀመጠቻቸውን ትልልቆቹን አወጣችለት።